የጎደለችው «ላይ»

መርሳ ላይ ስልክ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ዓይነት ደንበኛ አልወድም ነበር፤ «ነካ ነካ አድርግልኝ» የሚለውን። ስልኩ ምን ሆነ? ይሞቃል? ራሱን ያጠፋል? ቻርጅ አልይዝም አለ? አያውቅም። «ብቻ አንተ ነካ ነካ አድርገው» ይላል፣ እኔ ጠበል የምረጭ ይመስል። ደሜ ይፈላል። ከወልዲያ ቴክኒክና ሙያ በኮምፒውተር ተመርቄ የመጣሁ፣ ነገር ሁሉ በትክክለኛ ስሙ ካልተጠራ የማልሰማ ደረቅ ሰው ነበርኩ። በአንጻሩ ሥራውን በስሙ ጠርቶ የሚመጣ ደንበኛ ሳገኝ ፊቴ ይፈታል። ሽማግሌው የገቡ ቀን ፊቴ የተፈታውም ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ሥራው ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ስልክ ሲያረጅ ወይም ሲታመም ውስጡ ያለው ሲስተም በሙሉ ተጠርጎ ይወጣና ከኮምፒውተር በገመድ ሌላ ይገባለታል። ይህን ሥራ ወልዲያም መርሳም ደሴም ያለን ሠራተኞች ሁሉ «ፍላሽ ማድረግ» ነው የምንለው። ፍላሽ የተደረገ ስልክ እንደ አዲስ ይነሣል። የድሮው ፎቶ፣ የድሮው ቁጥር፣ የድሮው ድምፅ ግን አብሮ አይነሣም። ደንበኛው ይህን አውቆ እሺ ማለት አለበት፤ ሳልጠይቅ ፍላሽ ያደረግኩት ስልክ የለም። ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም፣ መጠየቄም ምንም እንዳልጠቀመ ታያላችሁ።

ሌሎቹ ሠራተኞች ያንኑ አሮጌ ሲስተም መልሰው ጭነው ይሸኛሉ። እኔ ግን ይህን እንደ ማጭበርበር ነበር የምቆጥረው። ወልዲያ ስማር አንድ መምህር ነበረን፤ ማንም ከፍቶ የሚያየውንና ማንም የሚያሻሽለውን ነጻ ሲስተም ያፈቀረ ሰው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በተሰረቀ ሲስተምና በቫይረስ ተውጠው ሳለ፣ እሱ በራሱ ሲዲ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም እየገለበጠ ያድለን ነበር። «ማደስ ግማሹ ነው፤ ግማሹ መቆለፍ ነው» ይላል። መቆለፍ ሲል በር ላይ የሚንጠለጠለውን ዓይነት ቁልፍ ማለቱ አይደለም። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደማይነበብ ነገር ተቀይሮ እንዲቀመጥ፣ በባለቤቱ ቁጥር ብቻ እንዲፈታ ማድረግ ነው። ሌባ ቢወስደው፣ ሲስተሙን ቢጠርገው፣ ማህደሩን፣ ማለት ሚሞሪውን፣ ነቅሎ ቢያየው ምንም አያገኝም። ይህ ነገር ልቤን ወሰደው። መርሳ መጥቼ ከመናኸሪያው ጎን ያችን ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ስከፍት፣ ያላደስኩትንና ያልቆለፍኩትን ስልክ ከእጄ አላወጣም ብዬ ወሰንኩ። ደንበኛው ጠየቀኝም አልጠየቀኝም አደርገዋለሁ። አፌን ሞልቼም አወራበት ነበር።

ሽማግሌው የመጡት ግራና ከምትባል የገጠር ከተማ ነው። የመጡበት ጊዜ ግርግር የበዛበት፣ የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ሳምንታት ያለፉበት ነበር። ዳታ ባይኖርም ሥራዬ አልቆመም፤ አዳዲሶቹ ሲስተሞች በሃርድ ዲስክ ተጭነው በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ይላኩልኝ ነበር። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ገቡ። «ወዐለይኩሙ ሰላም፣ አባባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ከፎጣቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ስልክ አወጡ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው። የሳዑዲ ስልክ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የወረዳችን የሐብሩ ወጣት ግማሹ እዚያ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስልክ በቀን ሁለት ሦስት ይገባልኝ ነበር። ከተገዛ ጀምሮ አንድም ቀን አልታደሰም።

«ምን ሆነብዎት? ይቆማል?»

«እህ?»

«ስልኩ፤ እየሠራ ሳለ ይቆማል ወይ?»

«ልክፈተው ሲሉት ይቆማል። ፍላሽ አርግልኝ። የቀበሌያችን መምህር ነው፣ መርሳ ይውሰዱና ፍላሽ ያስደርጉት ያለኝ።»

ደስ አለኝ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ፍላሽ ማድረግን በስሙ ጠርቶ ሲያዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ እንደ ልማዴ ፈተሽኩት፣ ከዚያ ግዴታዬን ተወጣሁ።

«አባባ፣ ፍላሽ ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይሁን?»

«እሺ፣ እሺ።»

«ፎቶም፣ የተቀመጠ ቁጥርም፣ ሌላም። የሚፈልጉት ነገር የለም?»

«እሺ ልጄ፣ እሺ። አሏህ ይስጥህ።»

ፈገግ እያሉ ነው የሚመልሱልኝ። «የለም?» ተብሎ «እሺ» የሚባል መልስ እንደማይገጥም ዛሬ ሳስበው ግልጽ ነው። ያኔ ግን እጄ ገመዱን እየፈለገ ነበር። «ጉዳይ ፈጽሜ ልምጣ» ብለው ወጡ። የቀትሩ የዙህር ሶላት ሰዓት ስለነበር ወደ መስጊድ የሄዱ መሰለኝ።

ሥራው እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። አሮጌው ሲስተም ወጣ። ፋብሪካው ማደስ ለተወው ለዚህ ዓይነት ስልክ በጎ ፈቃደኞች አሻሽለው የሠሩት ነጻ ሲስተም ነበረኝ፣ እሱ ገባ። ጽሑፉን አማርኛ አደረግኩት። ከዚያ ቆለፍኩት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ባዶ የሆነው ቦታ ሳይቀር። ለመቆለፉ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። መብራት እንዳይሄድብኝ እየተሳቀቅኩ ተቀመጥኩ። አልሄደም። ያን ቀን መብራት ሄዶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን እንደተብሰለሰልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሽማግሌው ተመለሱ። ስልኩን ጠራርጌ፣ መክፈቻ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ጠብቄያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ስልኩን አላዩም። ከኪሳቸው ማሸጊያው ያልተቀደደ ቀይ የፍላሽ ዲስክ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ይኸው ፍላሹ» አሉኝ። «መንገድ ማዶ ካለው ሱቅ ገዝቼ መጣሁ። በል እንግዲህ አርግልኝ።»

ማሸጊያውን አንሥቼ አገላብጬ አየሁት።

የቀበሌያቸው መምህር «ፍላሽ ላይ ያስደርጉት» ነበር ያላቸው። ስልኩ ውስጥ ያለው ነገር ተገልብጦ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ ማለቱ ነው። አንዲት «ላይ» ከግራና መርሳ እስኪደርሱ መንገድ ላይ ቀረች።

«ምንድነው የሚደረገው? ምን ነበር ስልኩ ውስጥ?» አልኩ። አልመለሱልኝም። አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው። ደግሜ ስጠይቅ ከጎኔ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጠው ሴትዮ ብቅ ብላ «አንተ፣ ጆሯቸው እኮ ይከብዳል! ጠጋ ብለህ ጩህ እንጂ» አለችኝ። ታውቃቸዋለች፤ ለካ ገበያው በሙሉ ያውቃል። «እህ?» ያሉኝም፣ ሁለቱንም ጊዜ «እሺ፣ እሺ» ያሉኝም አንድም ነገር ሰምተው አልነበረም። ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አይተው፣ ክፉ እንዳልሆንኩ ፊቴ ላይ አንብበው፣ እሺ አሉ። ሰው እንዳያስቸግሩ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው።

ጆሯቸው ሥር ሆኜ እየጮህኩ ነገሩን ሰማሁ። ሴት ልጃቸው ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኩን የላከችው እሷ ናት። ስትደውል ሁልጊዜ የምታናግራት እናቷ ናት፣ ምክንያቱም አባቷ እንደማይሰሙ ታውቃለች። ከሁለት ወር በፊት ግን እናትየው ማሾ ሊሸጡ ሐራ ገበያ ሄደው ሳለ ደወለች። አባትየው አነሡት።

«ብዙ አወራች» አሉኝ። «ረጅም ነው ያወራችው። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሺ እሺ እላለሁ። ድምጿ ነው እንጂ የምሰማው ቃሉ አይለይልኝም። ታልቅስ ትሳቅ እንኳ አልለየሁም። አልሰማሁሽም እንዳልላት አሳዘነችኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። የነበረችበት ቤት ቢደወል አይነሣም፣ አሁንማ ጭራሽ ቁጥሩ አይሠራም ይላል። የምትሄድበትን ሳትናገር አትቀርም። መምህሩ ነው ይህች ስልክ ያወሩባትን ሁሉ ትቀዳለች ያለኝ። ግን ልክፈተው ሲል ስልኩ ይቆማል። መርሳ ሄደው ፍላሽ ያስደርጉና በትልቁ ቴፕ እናዳምጠዋለን አለኝ። እናቷ ቤት ትጠብቃለች።»

ሻሽ ሻጯ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። መናኸሪያው ውስጥ የወልዲያ ሚኒባስ ረዳት «ወልዲያ፣ ወልዲያ» እያለ ይጮኻል። እኔም መጮህ ነበረብኝ፣ ጆሯቸው ሥር ገብቼ «ጠፍቷል፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብዬ መጮህ። መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። አልቻልኩም። «ስልኩ እኔ ጋ ይሁን፣ እሞክራለሁ» ብዬ ጮህኩ። ፈሪ ነበርኩ። ከደወለች እንኳ እንዳያልፋቸው ሲም ካርዳቸውን አውጥቼ በራሴ በተን ስልክ ውስጥ አደረግኩላቸው።

ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር አላውቅም። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አብሽር ልጄ፣ አብሽር። ኢንሻአላህ ይገኛል» አሉኝ። እኔን ነው የሚያጽናኑት! ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሆድ ይብሰኛል።

ሱቄን ዘግቼ በዚያው ሚኒባስ ወልዲያ ሄድኩ። ዳታ ቢኖር ለአዲስ አበባ ሰዎች እጽፍ ነበር፣ የጠፋ የሚመልሱ ፕሮግራሞችንም አወርድ ነበር። ዳታ የለም። ያለኝ ያ የወልዲያው መምህሬ ብቻ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ ብቻውን ፈተና እያረመ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው የራሱን ላፕቶፕ ከፈተ። እሱ ጋ የተጠረገ ማህደር ውስጥ ገብቶ ስባሪ የሚለቃቅም ነጻ ፕሮግራም ነበረው። ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ፕሮግራም የአንዲት ጸሐፊን የጠፋ ደብዳቤ በሙሉ ሲመልስ አይቻለሁ። የመጣሁትም በዚያ ተስፋ ነው።

ስልኩን በገመድ አገናኘው። ቁጥሮች መሮጥ ጀመሩ። አንድ ፋይል ባገኘ ቁጥር ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ፤ ይከፍተዋል፤ ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ሌላ፤ እሱም እንደዚያው። መሐል ላይ መብራት ሄደና ባትሪው እንዳያልቅ አቁመን ጠበቅን። ሲመጣ ቀጠልን። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ዓረብኛ የለም። ያ ስልክ አንድም ቀን ሰው ያልያዘው ይመስላል።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «የጠረግከው ብቻ ነው ወይስ ቆልፈኸዋል?»

«ቆልፌዋለሁ።»

«ባዶውንም ቦታ?»

«ባዶውንም።»

ስክሪኑን አየ። «ብትጠርገው ብቻ ኖሮ ከሥር የቀረ ይኖር ነበር፣ እንለቅመው ነበር» አለ። «አንተ ግን በላዩ ላይ ጻፍክበት። በደንብ ነው የሠራኸው።»

ይህን ያለው ሊያሾፍ አይደለም። እውነቱን ነው፣ እንዳስተማረኝ ነበር የሠራሁት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱም የተሰማው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝና እጄን ጨብጦኝ ተመለሰ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ውሸት አዘጋጀሁ። ስልኩ ድሮም ተበላሽቶ ነበር፣ ድምፁ እኔ ጋ ሳይመጣ በፊት ጠፍቶ ነበር እላቸዋለሁ። ማን ያውቅብኛል? ማንም አያውቅብኝም። መርሳ እስክደርስ ሦስት ጊዜ ለራሴ ተለማመድኩት። ሦስት ጊዜም አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን መጡ። ከእናትየው ጋር። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። አባትየው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ እሳቸው ግን ባንኮኒው ድረስ ገቡ። ውሸቴን አልተጠቀምኩበትም። «እማማ፣ ጠፍቷል። በእኔ ስህተት ነው የጠፋው። የሚመለስበት መንገድ የለም» አልኳቸው። ሲጮሁብኝ፣ ሲረግሙኝ፣ ፖሊስ ሲጠሩብኝ ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር።

«እሱንማ ፊትህን አይቶ ነግሮኛል» አሉ፣ ወደ ባላቸው ሳይዞሩ። «የመጣሁት ለሱ አይደለም። ሰውዬው ስልኩን ሲሰጥህ ጆሮህ ጋ አርገህ ስታዳምጥ እንዳየህ ነግሮኛል። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። ይህን ለአባትየው አልነገርኩም፣ ለመምህሩም አልነገርኩም። የደንበኛ ስልክ ስቀበል ስክሪኑን፣ ቻርጁንና ድምፁን ሳልፈትሽ አልቀበልም፣ በኋላ አንተ ነህ ያበላሸኸው እንዳልባል። ድምፁን ለመፈተሽ ስልኩ ውስጥ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ነገር ነበር የከፈትኩት። ስልኩ ያን ጊዜ አልቆመም። የሴት ልጅ ድምፅ ነበር። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምፁ ደህና ነው ብዬ ዘጋሁት።

«ሰምቻለሁ» አልኳቸው። «ትንሽ ነው።»

«ምን አለች?»

«‹አባ፣ እማ የለችም?› አለች።»

እናትየው ባንኮኒውን ያዙ። «እሺ። ከዚያስ?»

«‹እንግዲያው ንገሯት፣ ዛሬ ከዚህ ቤት ወጥቼ ወደ…› አለች።»

«ወደ የት?»

ወደ የት እንደሆነ ባውቅ ምን እሰጥ ነበር! ያንን ቃል ለመስማት አንድ ሰኮንድ ይበቃ ነበር። ስልኩን ለማደስና ለመቆለፍ ግማሽ ቀን የነበረኝ ሰው፣ አንድ ሰኮንድ አልነበረኝም።

«አላስጨረስኳትም፣ እማማ» አልኩ።

አልጮሁም። አልረገሙኝም። ዞር ብለው ወጡና ከባላቸው ጎን፣ ከሱቄ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «አብሽር» አሉኝ ከዚያው ሆነው። «ጆሮህ ገብቶ ከነበረ አይጠፋም። ረጋ ብለህ አስታውሰው። እኔ ጊዜ አለኝ።»

የማስታውሰው ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ደንበኛ መጣ፣ ሄደ፤ እኔ የመበየጃውን ብረት ይዤ ሥራዬ ላይ አቀረቅራለሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር እያዩኝ ነው። ጂዳ፣ ሪያድ፣ መዲና፣ የማውቀውን የዓረብ ከተማ ሁሉ በልቤ እየጠራሁ ከ«ወደ» ጋር አጋጠምኩት። ሁሉም ይገጥማል። አንዱን ብጠራላቸው ያምኑኛል፣ ያን ከተማም ይፈልጋሉ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

የግራና የመጨረሻ መኪና ሲጣራ እናትየው ተነሡ። ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው አስነሡና ወደ እኔ ዞሩ። «እደርበት፤ ነገ እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሱቄን ልከፍት ስደርስ እናትየውን በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።